ስለ ታመነ መንገደኛ የይለፍ ፈቃድ

የመንግሥት ድንበር እንደ ቤት ደጃፍ ነው። ደጃፍ የሌለው ቤት ቤት እንደማይባል ሁሉ ጠባቂ የሌለው ድንበርም ድንበር አይባልም። የደጃፍም ሥራው ሁለት ነው፤ ይኸውም ወዳጅን ማስገባትና ጠላትን መከልከል ነው። ነገር ግን ገቢው በበዛ ቍጥር ጠባቂው ወዳጁን ከጠላቱ ለመለየት እያንዳንዱን ሰው መመርመር ግድ ስለሚሆንበት፥ ብዙው ቅን ሰው በጥቂቱ ጠማማ ሰው ምክንያት ተራውን ሲጠብቅ ይውላል። ይህን ችግር ለማቅለል በዘመናችን አንዳንድ መንግሥታት አስቀድመው መርምረው ላመኑት ሰው በቶሎ የሚያልፍበትን ፈቃድ ይሰጣሉ። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ስለ ታመነ መንገደኛ ፈቃድ ነው።

ነገሩ በመሣሪያው አዲስ ቢመስልም በሐሳቡ ግን የቈየ ነው። መጽሐፈ ነህምያን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ የነበረው ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት በተነሣ ጊዜ የለመነው የመሄጃ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። እስከ ይሁዳ ድረስ እንዲያሳልፉት በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የተጻፈ ደብዳቤ ጨምሮ ለመነ፤ ተሰጠውም። ልብ ልንለው የሚገባን ይህ ነው፤ ደብዳቤው የተሰጠው ንጉሡ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ስለ ነበረ ነው። ደግሞም ደብዳቤ አለኝ ብሎ ገዦቹን ሳያይ አላለፈም፤ ወደ እነርሱ ቀርቦ ሰጣቸው እንጂ። የዛሬውም ፈቃድ መሠረቱ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው፤ አስቀድሞ መታወቅና በደረሱበት ራስን በግልጥ ማሳየት።

በዚህ ነገር ብዙ ከደከሙት መንግሥታት አንዱ የአሜሪካ መንግሥት ነው። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ከሜክሲኮ በመኪና ለሚመላለሱት ሴንትሪ የተባለው ሥርዓት በ1995 ተጀመረ፤ ከካናዳ ጋራ ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት በአንድነት የሚፈቅዱት ኔክሰስ የተባለው ተከተለ። ከሌላ አገር በአውሮፕላን ለሚገቡት የተሠራው ግሎባል ኤንትሪ የሚባለው በ2008 በሦስት አውሮፕላን ማረፊያዎች ለሙከራ ተከፍቶ በ2012 ቋሚ ደንብ ወጣለት። ከሦስቱም ማረፊያዎች አንዱ በዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ነው። በዚያ አካባቢ የሚኖሩት የኢትዮጵያ ተወላጆች እጅግ ብዙ ስለ ሆኑ፥ የኢትዮጵያም አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ወደዚያ ስለሚበር፥ ነገሩ ለወገኖቻችን ሩቅ አይደለም።

ፈቃዱን ሊለምን የሚችለው የአሜሪካ ዜጋ፥ ወይም በዚያ ለመኖር ቋሚ ፈቃድ ያለው ሰው፥ ወይም ከአሜሪካ ጋራ ስለዚህ ነገር የተስማሙት አገሮች ዜጋ ነው። ከነዚህም መካከል እንግሊዝ፥ ጀርመን፥ ሕንድ፥ ደቡብ ኮሪያና የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ይገኛሉ። አገራችን በዚህ ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች፥ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ሰው ሊያገኘው አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው ኢትዮጵያዊ ግን ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ቢሆንም መለመን ይችላል።

የአለማመኑ ሥርዓት እንዲህ ነው። ለማኙ የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባዘጋጀው የኢንተርኔት መዝገብ ስሙን ያስመዘግባል፤ ባለፉት አምስት ዓመታት የኖረበትን ስፍራ፥ የሠራውን ሥራና የተመላለሰባቸውን አገሮች ይጽፋል፤ 120 ዶላርም ይከፍላል። ይህ ገንዘብ ልመናው ባይፈጸምለትም አይመለስለትም። ወላጁ ፈቃድ ያለው ወይም ከርሱ ጋራ አብሮ የሚለምን ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አይከፍልም፤ ነገር ግን ፈቃዱ በየስሙ ነውና ሕፃንም ቢሆን የራሱ ያስፈልገዋል። ከዚህ በኋላ መሥሪያ ቤቱ የሰውየውን ታሪክ ይመረምራል፤ ነውር ካላገኘበት ለቃል ጥያቄ ይጠራዋል። ለጥያቄውም በተወሰኑት የመመዝገቢያ ስፍራዎች ወይም ከውጭ አገር ሲመለስ በዚያው በማረፊያው ሊቀርብ ይችላል። በዚያ ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ወረቀቱን ያሳያል፤ የጣቱ አሻራና የፊቱ ሥዕል ይወሰዳል። ከተፈቀደለት ለአምስት ዓመት ያገለግለዋል፤ ዓመቱም ሳያልቅ ማሳደሻ ከጠየቀ መልሱ እስኪመጣ ድረስ በቀድሞው ሊጠቀም ይችላል።

የኛ ሰዎች በተለይ ሊጠነቀቁበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የስምና የልደት ቀን ነገር ነው። እኛ የምንጠራው በስማችንና በአባታችን ስም ነው፤ በፈረንጅ ፊደል ሲጻፍ ግን አንዱ ጸሐፊ አንድ ዓይነት፥ ሌላው ሌላ ዓይነት አድርጎ ይጽፈዋል፤ የአያት ስምም አንድ ጊዜ ይገባል፥ አንድ ጊዜ ይቀራል። የልደትም ዓመት ከኛ አቈጣጠር ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ስለሚለያይ፥ በሁለት ወረቀት ሁለት ልደት ተጽፎ የሚገኝበት ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሁሉ ያለ ተንኰል የመጣ ቢሆንም፥ በሩቅ አገር ተቀምጦ መዝገብ የሚያመሳክር ሹም ግን ተንኰሉን ከስሕተቱ የሚለይበት ሚዛን የለውም። ስለዚህ ቀድሞ የተጠራበትን ስም ሁሉ ሳይሰውር መጻፍ፥ የተለያዩ ወረቀቶች ካሉም አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል። ሐሰት ወይም ጐዶሎ ቃል መስጠት ብቻውን ልመናን ለማስቀረት ይበቃልና። እንደዚሁም የወንጀል ፍርድ ያለበት፥ ክስ ያላለቀለት፥ ወይም የጉምሩክን ሕግ ያፈረሰ ሰው ሊከለከል ይችላል።

ፈቃዱን ያገኘ ሰው ረጅሙን ተራ ትቶ ወደ አንድ መሣሪያ ይቀርባል፤ መሣሪያው ፊቱን አይቶ ከመዝገቡ ጋራ ያመሳክርና በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያሳልፈዋል። ነገር ግን ብዙዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው። ተራው አጠረለት እንጂ ሕጉ አልቀረለትም፤ ሹሙ በፈለገ ጊዜ ጠርቶ ዕቃውን ሊፈትሽ ይችላል። ይልቁንም ታምኗልና ጥፋቱ ከሌላው ጥፋት ይልቅ ይከብድበታል። በ2018 ከፓሪስ የተነሣች አንዲት መንገደኛ በአውሮፕላን ላይ የተሰጣትን አንድ ፍሬ ፖም ሳትናገር ይዛ በመገኘቷ 500 ዶላር ተቀጣች። ፖሙ ትንሽ ነው፤ የተፈረደው ግን በፖሙ ትንሽነት ሳይሆን ባልተነገረው ቃል ነው። እንዲህ ያለ ጥፋት የታመነ መንገደኛን ፈቃዱን ሊያስነጥቀው ይችላል።

ከአገራችን የሚሄድ ሻንጣ ደግሞ ባዶውን አይሄድም። በርበሬው፥ ሽሮው፥ ቡናው፥ ቋንጣው ይታሸጋል፤ ለቤተ ክርስቲያንም ዕጣኑ፥ ዘቢቡ፥ የብራና መጽሐፉ ይላካል። ከነዚህ የሚገባ አለ፥ የማይገባም አለ፤ ቋንጣ ለምሳሌ የከብት በሽታ እንዳያዛምት የተከለከለ ነው። ጫትም በኛ ገበያ በግልጥ ቢሸጥም በአሜሪካ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ይቈጠራል። የብራና መጽሐፍም ቅርስ እንደ ሆነ ያለ ፈቃድ ማውጣቱን አስቀድሞ የገዛ አገራችን ሕግ ይከለክላል። የምግብና የተክል ነገር ሁሉ የሚገባም ቢሆን ለሹሙ መነገር አለበት፤ ከ10,000 ዶላር በላይ የያዘ ሰውም እንዲሁ መናገር ግዴታው ነው። ተናግሮ የተወሰደበት ሰው የሚያጣው ዕቃውን ብቻ ነው፤ ሰውሮ የተያዘበት ግን ዕቃውንም መታመኑንም ያጣል።

ከዚህም ሁሉ የሚከብደው የአደራ ዕቃ ነው። በኛ ልማድ ለመንገደኛ የተጠቀለለ ዕቃ ሰጥቶ ለልጄ አድርስልኝ ማለት ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ፈትቼ ልየው የሚለው መልእክተኛ እንደ ክፉ ይታያል። ነገር ግን በብንያም ስልቻ ውስጥ የዮሴፍ የብር ጽዋ በተገኘ ጊዜ ብንያም ማን እንዳስገባው አያውቅም ነበር፤ አለማወቁም ከመያዝ አላዳነውም። ያዳነው የዮሴፍ ወንድምነት ነው። በሩቅ አገር ኬላ ላይ ግን ወንድም የሆነ ሹም አይገኝም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚለው ምሳሌያችን እውነት ነው፤ ሆኖም የታመነ መንገደኛ ሁለት አደራ እንዳለበት መዘንጋት የለበትም። አንዱ የዘመዱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እውነቱን ይናገራል ብሎ በሩን የከፈተለት መንግሥት ነው። ሁለቱን ሊጠብቅ የሚችለውም ዕቃውን በሰጪው ፊት ፈትቶ ያየ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ሰጪውም ይህን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ጥንቃቄ ሊቈጥረው ይገባል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ መንገደኛው ግዴታ ነው። ነገር ግን መታመን ከአንድ ወገን ብቻ የሚፈለግ አይደለም። በየካቲት 2020 የአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የኒው ዮርክ ግዛት የመንጃ ፈቃድ መዝገቧን አላሳይም ስላለች፥ የዚያች ግዛት ነዋሪዎች ይህን ፈቃድ እንዳይለምኑና እንዳያሳድሱ ከለከለ። ሰዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ጠቡ የሁለቱ መንግሥታት ነበር። ነገሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ በሐምሌ ወር ክልከላው ተነሣ፤ የመንግሥቱም ጠበቆች ለዳኛው ከቀረበው ቃል ውስጥ እውነት ያልነበረ እንደ ተገኘበት ገለጡ። ከመንገደኛው አንዲት ጐዶሎ ቃል የማይታገሥ መሥሪያ ቤት በራሱ ቃል ላይ ጐዶሎ ተገኘበት ማለት ነው። ደግነቱ ግን ቅሬታውን የሚሰማ ዳኛ መኖሩ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ፈቃድ ሲከለከልም ምክንያቱ ይጻፍለታል፤ እንደገና እንዲታይለትም የሚያመለክትበት ሹም ተሾሟል።

ይህን የምንጽፈው በባሕር ማዶ ስላሉት ወገኖቻችን ብቻ አስበን አይደለም። አገራችንም መንገደኛን ከመጉላላት ለማዳን ሥራ ጀምራለች፤ መንገደኛው በሁለት ኬላ ሁለት ጊዜ እንዳይቆም በሞያሌ ከኬንያ ጋራ በአንድነት የተሠራው የድንበር ኬላ በ2020 ተመርቋል። ወደ ፊትም ለታመነ መንገደኛና ለታመነ ነጋዴ መንገድ የሚያሳጥር ሥርዓት ሲሰፋ፥ ሥራው በእጃቸው ያለ ሹማምንት አራት ነገር ቢያስቡ መልካም ነው። ደንቡ ማንም ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ይጻፍ፤ ክፍያው ለሁሉ አንድ ይሁን፤ የተከለከለ ሰው ምክንያቱን ይወቅ፥ የሚሰማውም ያግኝ፤ ከሁሉም በላይ መታመን በምርመራ እንጂ በዘመድና በመማለጃ አይገኝ። አጭሩ መንገድ ለሹም ወዳጅ የተከፈተ እንደ ሆነ፥ በረጅሙ ተራ የሚቆመው ሕዝብ ሕጉን መናቅ ይጀምራል፤ ሕግን የናቀ ሕዝብም ድንበርን አይጠብቅም።

ካህናት አባቶቻችንም ሕዝቡ በሚሰማቸው ስፍራ ሁሉ ይህን ቢያስተምሩ ታላቅ ረድኤት ነው። በኬላ ላይ ሐሰት መናገር ብልሃት እንጂ ኃጢአት የማይመስለው ሰው ብዙ ነውና። የታመነ የሚለው ስም በ120 ዶላር የሚገዛ አይደለም፤ ገንዘቡ የመመርመሪያው ዋጋ ነው፤ ስሙን የሚያጸናው ግን መንገደኛው ሻንጣውን ሲከፍት የሚናገረው እውነት ነው።