ድምፁም ቀልዱም የአንድ ሰው

በዋግ ኽምራ፣ ሰቆጣ ዙሪያ፣ ሠርግ ቤትም ሆነ ጠላ ቤት መሲንቆ ይዞ የሚገባ አዝማሪ የሙሉ ቴአትር ሥራ ብቻውን ይሠራል። ይዘፍናል፣ ይተውናል፣ ያስቃል፤ ግጥሙንም እዚያው ይፈጥራል።

መሣሪያው ቀላል ይመስላል። በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን፣ ረጅም አንገት፣ አንድ መቃኛ፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር። ደጋኑም የጭራ ነው፤ ሙጫ ወይም ዕጣን ካልተቀባ አይጮህም። ዕጣኑን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የዕጣን አገሩ የአበርገሌ ቆላ እዚያው ዋግ ኽምራ ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ክሩን ከእንጨቱ ጋር ሳያጣብቅ በጣቱ ገፋ ብቻ ያደርገዋል፤ የመሲንቆ ልቅሶ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅኝቶቹ አራት ሲሆኑ አምባሰልና ባቲ ስማቸውን የወሰዱት ከወሎ ምድር ነው፤ ዋግም ድሮ የወሎ አውራጃ ነበር።

ቀልዱ የሚጀምረው እንግዳው «ተቀበል!» ሲል ነው። ስንኙን ይናገራል፤ አዝማሪው ቃል ሳይጥል በዜማ ይመልስለታል። ቀጥሎ የራሱን ይጨምራል። ኪሱ የከበደውን ሰው ሲያይ እንዲህ ሊል ይችላል፤ ግጥሙ ለምሳሌ ያህል የእኔ ነው፦

ጌታዬ ደግ ነው ለጋስ ነው ብያለሁ፤
እጁን ከኪሱ ውስጥ ሲያወጣ አያለሁ።

ሙገሳ ነው፤ ሽሙጥም ነው። ቤቱ ይስቃል፣ ብሩም ግንባሩ ላይ ይለጠፋል።

በ1928 ዓ.ም. ለእይታ የበቃው የአሜሪካውያኑ ቀልደኞች የማርክስ ወንድማማቾች ፊልም፣ «ኤ ናይት አት ዚ ኦፔራ»፣ ግን ይህን የመዝፈንና የማሳቅ ሥራ ለሁለት ከፍሎታል። ዘፋኞቹ የቬርዲን ኦፔራ «ኢል ትሮቫቶሬ» ከልባቸው ያዜማሉ፤ ቀልደኞቹ ከመድረኩ ጀርባ ገመድ ላይ እየተንጠለጠሉ ትዕይንቱን ያተራምሳሉ። ፊልሙ ድንቅ ነው። ግን እዚያ ዘፋኙ አይቀልድም፣ ቀልደኛውም አሪያ አይዘፍንም። አዝማሪ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይሠራል፤ ያውም ያለ ጽሑፍ፣ ያለ ልምምድ። ለእኔ ከባዱ ሙያ ይኸኛው ነው።

የአዝማሪን ኃይል በወረራው ዘመን ጠላትም ያውቀው ነበር። ጣሊያናዊው ገዥ ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም. ጠንቋዮች ብቻ ሳይሆኑ ዘፈን እያዜሙ ወሬ የሚነዙትም እንዲረሸኑ አዟል። እኛ ግን «አዝማሪ» የሚለውን ስም ለረጅም ዘመን ስድብ አድርገነው ኖርን፤ ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ሰቆጣ ከሄዳችሁና መሲንቆ ከሰማችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሁለት ስንኝ አዘጋጁና «ተቀበል» በሉት፤ ሽልማቱንም አትርሱ፣ ኑሮው እሱ ነው።