«ፓስዎርዱን ለምን ቀየረብኝ?»

ዛሬ የማጫውታችሁ የራሴን ጉድ ነው። ብትስቁብኝም አልቀየማችሁም፤ ግን ቤታችሁ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

መምህርት ነኝ። ፕሪንተራችን ሳሎን ካለው የባለቤቴ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ተያይዟል። እኔ ደግሞ መኝታ ቤት ሆኜ በላፕቶፔ የጻፍኩትን በቤታችን ዋይፋይ እልካለሁ፤ ሳሎን ታትሞ ይጠብቀኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም።

አንድ ምሽት ታዲያ ለማግስቱ ጠዋት የሚደርስ ፈተና አዘጋጅቼ «ፕሪንት» ብለው ፍንክች አልል አለ። ደገምኩ፣ ሰለስኩ... ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ላፕቶፑ ስምና ፓስዎርድ አምጪ አለኝ። ሳሎን ሄጄ የባለቤቴን ኮምፒውተር በማውቀው ፓስዎርድ ልከፍት ብሞክር «ስህተት ነው» ይለኛል። ለካ ቀይሮታል! ብደውልለት ስልኩ ዝግ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል።

እናንተዬ፣ ያን ምሽት ልቤ ያልሄደበት ቦታ የለም። «የሚደብቀኝ ነገር ባይኖር ለምን ይቀይራል?» እያልኩ ስብሰለሰል አመሸሁ። ሲመጣም አልጠየቅሁት፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ፈተና ደግሞ ይወጣል ተብሎ ስለሚፈራ ደጅ ወስደው አያሳትሙት። በማግስቱ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ከባለቤቴ ጋርም ሦስት ቀን ተኮራረፍን።

በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተር የተማረው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። «አክስቴ፣ ማሽን ተራ በተራ ነው የሚመረመረው» ብሎ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፦ ፕሪንተሩ የተያያዘበት ኮምፒውተር መብራቱን ይመልከቱ። ከጠፋ ወይም ካንቀላፋ ሌላው ኮምፒውተር ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛ፦ ከዚያው ኮምፒውተር ላይ አንድ ገጽ ያትሙ። እምቢ ካለ ችግሩ የፕሪንተሩ፣ የገመዱ ወይም የዚያው ኮምፒውተር ነው፤ ዋይፋዩን አይውቀሱ።

ሦስተኛ፦ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸውን ያረጋግጡ። አንዱ በቤቱ ዋይፋይ፣ ሌላው በስልክ ዳታ ከሆነ አይገናኙም።

አራተኛ፦ የዋይፋዩን ሳጥን በቅርቡ ቀይረው ከሆነ ዊንዶውስ አዲሱን መስመር «ፐብሊክ» ብሎ ሊመዘግበው ይችላል፤ ያኔ ፕሪንተር መጋራት ሊዘጋ ይችላል። ለቤት መስመር «ፕራይቬት» ተብሎ መስተካከል አለበት።

አምስተኛ፦ ሁለቱንም ኮምፒውተሮች አፕዴት ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ማይክሮሶፍት የሕትመት ደህንነትን ለማጥበቅ ባወጣቸው እርማቶች ሳቢያ ብዙ የጋራ ፕሪንተሮች እምቢ ብለው ነበር።

ስድስተኛው የኔው ጉድ ነው። ላፕቶፔ የባለቤቴን ኮምፒውተር አሮጌ ፓስዎርድ ይዞ ኖሯል። እዚያ ሲቀየር እዚህ ያለው ስላልተቀየረ በሩ ተዘጋብኝ።

«ጋሼ፣ ፓስዎርድ ቀይረዋል እንዴ?» አለው ልጁ። ባለቤቴ ሳቀ። «ልጃችን የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደርሶበት ሌሊቱን ጌም ሲጫወት እያነጋ ነው። ያን ቀን ከለቅሶ ስመለስ ልነግራት ነበር፤ ፊቷን አዙራ ጠበቀችኝ» አይል መሰላችሁ? ስልኩንም የዘጋው ለቅሶ ቤት ሆኖ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

መፍትሔው ቀላል ነበር። ሳሎን ባለው ኮምፒውተር ላይ ለኔ የራሴ ስምና ፓስዎርድ ተከፈተልኝ። ላፕቶፔ ላይ ደግሞ «ክሬደንሻል ማኔጀር» ከሚባለው ቦታ አሮጌው ተሰርዞ አዲሱ ገባ። ባለቤቴም የሱን ፓስዎርድ ለማንም መስጠት አላስፈለገውም። «ያን ምሽት እንኳ ገመዱን ነቅለሽ ላፕቶፕሽ ላይ ብትሰኪው ይሠራልሽ ይሆን ነበር» ብሎኝ ሄደ የእህቴ ልጅ።

ወዲያው ፕሪንተሩ መንጫጫት ጀመረ። ያን ምሽት በንዴት ደጋግሜ የላክሁት ፈተና ሁሉ ተሰልፎ ጠብቆ ኖሮ ዘጠኝ ጊዜ ታተመ! ስለዚህ አልታተም ሲላችሁ ደጋግማችሁ አትዘዙ፤ ወረፋውን ከፍታችሁ ሰርዙት።

ከሁሉ በላይ ግን እህቶቼ፣ ማሽን ፓስዎርድ ሲጠይቃችሁ ባላችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ጠይቁት። የኔን ሦስት ቀን ኩርፊያ አንድ ጥያቄ ይጨርሰው ነበር።

ቸር ይግጠመን።