ወርቃማው ንጋት (ምስጢራዊ ማኅበር)

ወርቃማው ንጋት፣ በሙሉ ስሙ የወርቃማው ንጋት ሄርሜቲካዊ ማኅበር፣ እ.ኤ.አ. በ1888 በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ የተመሠረተ ምስጢራዊ ማኅበር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) አባላቱ ካባላ የሚባለውን የአይሁድ ምስጢራዊ ትምህርት፣ ኮከብ ቆጠራን፣ አልኬሚንና የታሮት ካርታን ያጠኑ ነበር። ከዚህም ጋር ሥነ ሥርዓታዊ አስማት የሚባለውን፣ ማለትም በተወሰነ ቦታ፣ በተወሰነ ልብስ፣ ቃልና እንቅስቃሴ የሚፈጸመውን መንፈሳዊ ልምምድ ይሠሩ ነበር። ማኅበሩ በመጀመሪያ መልኩ የቆየው 15 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ሆኖም ዛሬ በምዕራቡ ዓለም በዚህ ስም የሚሠራው አብዛኛው ነገር መልኩን ያገኘው ከእርሱ ነው። ይህን ሁሉ ያስተማረው ማኅበር ሥልጣኔን አገኘሁባቸው ያላቸው ደብዳቤዎች ግን ሐሰተኞች ነበሩ።

ስለ ቃሉ

በአማርኛ «አስማት» ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ድግምትን ወይም መተትን ነው። ቃሉ ግን ከግዕዝ የመጣ የ«ስም» ብዙ ቁጥር ሲሆን ፍቺው «ስሞች» ነው። በአገራችን «አስማት» የሚባሉት ጽሑፎችም የተሰወሩ ናቸው የሚባሉ የእግዚአብሔርና የመላእክት ስሞች የሚጠሩባቸው ናቸው። ይህ የግዕዝ ፍቺ እዚህ ለሚነገረው የምዕራብ ልማድም በደንብ ይስማማል፤ የዚያም ሥርዓት ዋና ሥራ ስም መጥራት ነውና። ሁለቱ ልማዶች ግን አንዱ ከሌላው የተቀዱ አይደሉም።

«ሄርሜቲካዊ» የሚለው ቅጽል የመጣው ሄርሜስ ትሪስሜጊስቶስ ከተባለ አፈ ታሪካዊ የግብጽ ጠቢብ ነው። በስሙ የተጻፉትን የግሪክኛ ድርሳናት ጣሊያናዊው ማርሲሊዮ ፊቺኖ በ1463 ወደ ላቲን ተረጎማቸው። ያን ጊዜ ከሙሴ ዘመን የማያንሱ ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1614 ይስሐቅ ካሶቦን የተባለ ሊቅ የቋንቋቸውን ጠባይ መርምሮ ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተጻፉ መሆናቸውን አሳየ። የጥንትነት ይገባኛል ማለትና ያንን የሚያፈርስ ምርመራ በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግመው ይገናኛሉ።

አመሠራረት

መሥራቾቹ ሦስት ናቸው፦ ዊልያም ዊን ዌስትኮት፣ ሳሙኤል ሊድል ማክግሬጎር ማዘርስ እና ዊልያም ሮበርት ውድማን። ሦስቱም ፍሪሜሶኖች ነበሩ። ዌስትኮት ሐኪም ሲሆን በለንደን የድንገተኛ ሞት ምክንያት የሚያጣራ የመንግሥት ሹም ነበር። ማዘርስ ደግሞ ገንዘብ የሌለው፣ ነገር ግን በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዘመኑን ያሳለፈ ሰው ነው። በ1889 «የሰሎሞን ቁልፍ» የተባለውን የአስማት መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ አሳትሟል። ውድማን ማኅበሩ ገና በእግሩ ሳይቆም በ1891 ስለ ሞተ በታሪኩ ውስጥ ብዙም አይነሳም።

ነገሩ የጀመረው «የሥውር ፊደል ጽሑፎች» በሚባሉ 60 ያህል ቅጠሎች ነው። የተጻፉት ዮሐንስ ትሪቴሚዩስ የተባለው የጀርመን መነኩሴ በ1518 በታተመው መጽሐፉ ባወጣው የምስጢር ፊደል ነው። ዌስትኮት ፈትቶ ሲያነባቸው የአንድ ማኅበር የመግቢያ ሥርዓቶች ረቂቅ ሆነው ተገኙ። እርሱ እንዳለው፣ ከጽሑፎቹ ጋር አና ሽፕሬንግል የምትባል የአንዲት ጀርመናዊት አድራሻ ነበረ። ጻፈላት፣ መለሰችለት፤ በእንግሊዝ ቤተ መቅደስ እንዲከፍትም ፈቀደችለት። በ1890 ከጀርመን የመጣው የመጨረሻ ደብዳቤ መሞቷን አርድቶ ከእንግዲህ እርዳታ እንዳይጠበቅ ነገረ። ለዌስትኮት እንዲህ የሚመች ሞት አይገኝም፤ ጥያቄ የሚቀርብላት ሴት ከዚያ ወዲያ የለችምና።

ኤሊክ ሃው የተባለ ተመራማሪ በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ ደብዳቤዎቹን መርምሮ ጀርመንኛቸው የጀርመን ተወላጅ ሊጽፈው የማይችል፣ በእንግሊዝኛ አስተሳሰብ የተሠራ መሆኑን አመለከተ። የሥውር ፊደሉ ጽሑፎችም ቢሆኑ ጥንታዊ አይደሉም። አንዳንዶቹ ወረቀቶች ወደ ብርሃን ሲያዙ የ1809 ምልክት ይታይባቸዋል፤ አሮጌ ወረቀት ላይ ግን ማንም በኋላ ዘመን ሊጽፍ ይችላል። ከዚህ የሚበልጠው ማስረጃ ይዘታቸው ነው። ጽሑፎቹ የታሮትን ካርታዎች ከዕብራይስጥ ፊደላት ጋር ያያይዛሉ፤ ይህ ሐሳብ ደግሞ በ1781 በፈረንሳይ ከመታተሙ በፊት አይታወቅም። ታሮት ራሱ በ15ኛው መቶ ዘመን በጣሊያን የተጀመረ የመጫወቻ ካርታ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች የጽሑፎቹ አዘጋጅ በ1886 የሞተው እንግሊዛዊ ፍሪሜሶን ኬኔት ማኬንዚ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ማዕረጎችና ትምህርት

የማኅበሩ አሠራር የትምህርት ቤት ክፍልን ይመስላል። ማዕረጎቹ የተደረደሩት በካባላ «የሕይወት ዛፍ» ላይ ነው። ይህ ዛፍ ሴፊሮት የሚባሉ፣ እግዚአብሔር ለፍጥረት የተገለጠባቸው ናቸው የሚባሉ ዐሥር ደረጃዎች ያሉት ሥዕል ነው። አዲስ ገቢው ከዛፉ ውጭ ቆሞ ይጀምራል። ከዚያም ከታች ወደ ላይ በአራት ማዕረጎች ያልፋል፤ እነዚህም ለምድር፣ ለአየር፣ ለውኃና ለእሳት የተሰጡ ናቸው። ለማለፍ ፈተና ነበረ። የመጀመሪያው ትምህርት የዕብራይስጥ ፊደልን፣ የፕላኔቶችንና የዞዲያክን ምልክቶች እንዲሁም የዐሥሩን ሴፊሮት ስሞች በቃል ማጥናት ነበር። በጭፍን ጠረጴዛ ዙሪያ መናፍስት ለመጥራት ተስፋ አድርጎ የመጣ ሰው የተሰጠው የፊደል ገበታ ነው ማለት ነው።

በመግቢያው ሥርዓት እጩው ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ገመድ ሦስት ጊዜ በወገቡ ዙሪያ ታስሮ ወደ አዳራሹ ይገባል። በአዳራሹ አንድ ጥቁርና አንድ ነጭ ዓምድ ቆመዋል፤ ሥዕሎቻቸው የተወሰዱት ከግብጻውያን የሙታን መጽሐፍ ነው። እጩው ምስጢሩን ለመጠበቅ ይምላል። ቃሉን ቢያፈርስ የሚደርስበት ቅጣት ሰይፍ ሳይሆን በማኅበሩ አለቆች የሚላክበት የፈቃድ ኃይል መሆኑ ይነገረዋል። ከዚያ ዓይኑ ይገለጥና ብርሃን ያያል። በሥርዓቱ ማብቂያ አባላቱ ተራ በተራ ጽጌረዳ ያሸታሉ፣ እሳት ይሞቃሉ፣ እንጀራ በጨው ይቀምሳሉ፣ ወይን ይጠጣሉ፤ እነዚህም አራቱን ባሕርያት ይወክላሉ።

አስማቱ ራሱ የሚጀምረው «ውስጠኛው ማኅበር» በሚባለው ከ1892 ጀምሮ በተደራጀው ክፍል ነው። ወደዚህ የሚገባ ሰው ሰባት ግድግዳ ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ያልፋል። እያንዳንዱ ግድግዳ 5 ጫማ ስፋትና 8 ጫማ ቁመት አለው። ልኩ የተወሰደው በ1614 በጀርመን በካሰል ከታተመ መጽሐፍ ሲሆን ያ መጽሐፍ ክርስቲያን ሮዘንክሮይትስ የተባለ ሰው መቃብር ከ120 ዓመት በኋላ ሲከፈት ሳይፈርስ እንደተገኘ ይተርካል። እጩው በመስቀል ላይ ታስሮ ይምላል፤ ቀጥሎም መቃብሩ ሲከፈት የማኅበሩን አለቃ ተኝቶ ያገኘዋል። በመሐላው ውስጥ የሥራው ግብ ይነገራል፤ ይኸውም የራስን ተፈጥሮ አንጽቶ ከፍ ካለው መለኮታዊ ማንነት ጋር መዋሐድ ነው። ሀብት ማግኘት ወይም ጠላትን መጉዳት በዚያ መሐላ ውስጥ የለም።

አንድ ልምምድ፦ የአምስት ጫፍ ኮከብ ሥርዓት

ማኅበሩ ለጀማሪ የሚሰጠው አንድ አጭር ልምምድ ነበር፤ ዛሬም በስፋት የሚሠራው ይኸው ነው። ሠሪው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይቆምና ግንባሩን፣ ደረቱንና ትከሻዎቹን እየነካ የ«አባታችን ሆይ» ጸሎት መዝጊያ ቃላትን በዕብራይስጥ ይላል። ቀጥሎ በአየር ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ በአራቱ ማዕዘን ይሥላል፤ በእያንዳንዱም አንድ የእግዚአብሔር ስም ድምፁን አስረዝሞ እያንቀጠቀጠ ይጠራል። ስሞቹ ያህዌ፣ አዶናይ፣ ኤህዬ እና አግላ ናቸው። አግላ ቃል ሳይሆን የአራት ዕብራይስጥ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት ነው። በመጨረሻ አራት መላእክትን በዙሪያው ያቆማል፦ ከፊቱ ሩፋኤልን፣ ከኋላው ገብርኤልን፣ በቀኙ ሚካኤልን፣ በግራው ዑራኤልን። አራቱም ለኢትዮጵያ አንባቢ የታወቁ ስሞች ናቸው። የሥርዓቱ ዓላማ ቦታውንና ልቡናን ማጽዳት ነው ይባላል። ዛሬ አንዳንድ ሠሪዎች መላእክቱን እንደ ሕያዋን አካላት ሳይሆን እንደ ሐሳብ ማሰባሰቢያ ምስሎች ይቆጥሯቸዋል፤ በመካከላቸው በዚህ ላይ ስምምነት የለም።

«የሄኖክ አስማት»ና መጽሐፈ ሄኖክ

የማኅበሩ ከፍተኛ ትምህርት «ሄኖካዊ አስማት» ይባል ነበር። ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በቀጥታ መጽሐፈ ሄኖክን ማሰቡ አይቀርም። ግንኙነት ግን የላቸውም። ይህ አስማት የመጣው የንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት አማካሪ ከነበረው የሒሳብ ሊቅ ጆን ዲ ነው። እርሱና ኤድዋርድ ኬሊ ከ1582 ጀምሮ ከመላእክት ጋር ተነጋገርን ብለዋል። ኬሊ በብርሌ ድንጋይ እየተመለከተ ያየውን ይናገራል፣ ዲ ይጽፋል። 21 ፊደል ያለው «የመላእክት ቋንቋ»ም በዚህ መንገድ ተቀበሉ። ሄኖክ የተባለው፣ ይህን ቋንቋ ከዲ በፊት በመጨረሻ ያወቀው እርሱ ነው ተብሎ ስለ ታመነ ነው።

ዲ መጽሐፈ ሄኖክን አላየም። መጽሐፉ በሙሉ ተጠብቆ የቆየው በግዕዝ ብቻ ሲሆን፣ ወደ አውሮፓ ቅጂዎቹን ያደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 በሪቻርድ ሎረንስ ወጣ። ዲ ከሞተ ያን ጊዜ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል። እንዲያውም መጽሐፈ ሄኖክ ድግምትንና ኮከብ ቆጠራን ለሰው ልጅ ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው ብሎ ይወቅሳል፤ በስሙ አስማት ለሚሠራ ሰው የሚመች መጽሐፍ አይደለም።

አባላትና መከፋፈል

ከፍሪሜሶኖች በተለየ ወርቃማው ንጋት ሴቶችን ከወንዶች እኩል ይቀበል ነበር። በመጋቢት 1888 ከመጀመሪያዎቹ የገባችው ሠዓሊዋ ሚና በርግሶን፣ የፈላስፋው የአንሪ በርግሶን እኅት፣ በኋላ የማዘርስ ሚስት ሆነች። ተዋናይቷ ፍሎረንስ ፋር የለንደኑን ቤተ መቅደስ መርታለች። ከሻይ ነጋዴ ቤተሰብ የተወለደችው አኒ ሆርኒማን ማዘርስን በገንዘብ ትረዳው ነበር፤ በ1896 ግን እርሱ አባረራት። በ1923 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የአየርላንዱ ባለቅኔ ዊልያም በትለር ዬትስ በ1890 ገብቶ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። በ1890ዎቹ አጋማሽ አባላቱ ከመቶ በላይ ነበሩ፤ ከለንደን ሌላ በኤዲንብራ፣ በብራድፎርድና በፓሪስም ቤተ መቅደሶች ተከፍተዋል።

ዌስትኮት በ1897 ሥራውን ለቀቀ፤ የመንግሥት ሹም ሆኖ እንዲህ ባለ ነገር መታወቁ ለቦታው አልተስማማም ነበር። ሥልጣኑ በፓሪስ ተቀምጦ ለሚያዝ ማዘርስ ብቻ ቀረ። በየካቲት 1900 ማዘርስ ለፍሎረንስ ፋር ደብዳቤ ጽፎ የአና ሽፕሬንግልን ደብዳቤዎች ዌስትኮት አስመስሎ እንደ ሠራቸው ወይም እንዳሠራቸው ገለጠ። ምክንያቱ እውነትን መውደድ አልነበረም። በፓሪስ አንዲት ሴት ሽፕሬንግል እኔ ነኝ ብላው አምኗት ነበር፤ እውነተኛይቱ ከእኔ ጋር ናት ሊል ፈልጎ የማኅበሩን መሠረት በገዛ እጁ ናደው። ሴትዮዋ ራሷን ማዳም ሆሮስ የምትል አታላይ ሆና ተገኘች። በ1901 መጨረሻ ከባሏ ጋር በለንደን በአስገድዶ መድፈር ወንጀል ተፈረደባት፤ በችሎቱም ከማዘርስ ከወሰዱት ሥርዓት የመሐላው ቃል ተነበበ። ጋዜጦች የማኅበሩን ስም መሳለቂያ አደረጉት።

ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ 1900፣ ማዘርስ ወጣቱን አሌስተር ክራውሊን ልኮ በብላይዝ ሮድ የነበረውን የማኅበሩን ቤት ሊይዝ ሞክሮ ነበር። ክራውሊ የስኮትላንድ ልብስ ለብሶ ጭምብል አድርጎ መጣ፤ ነገሩ በፖሊስ አለቀ። የለንደን አባላት ማዘርስን አገዱ። በ1903 ማኅበሩ ተከፈለ፤ አንዱ ወገን በአርተር ኤድዋርድ ዌይት መሪነት አስማቱን ትቶ ወደ ክርስቲያናዊ ምስጢራዊነት አዘነበለ፣ ሌላው ስቴላ ማቱቲና ተብሎ በአስማቱ ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ

በ1909 የማኅበሩ አባል የነበረችው ሠዓሊ ፓሜላ ኮልማን ስሚዝ በዌይት ሐሳብ 78 የታሮት ካርታዎችን ሣለች፤ በዓለም ላይ በጣም የታወቀው የታሮት ዓይነት ይህ ነው። ክራውሊ ሥርዓቶቹን በመጽሔቱ ሲያሳትም ማዘርስ በ1910 ፍርድ ቤት ከሰሰው፤ ክራውሊ በይግባኝ ረታ። የቀሩትን ትምህርቶች እስራኤል ሬጋርዲ ከ1937 እስከ 1940 በአራት ቅጽ አወጣቸው። ሬጋርዲ መሐላውን አፍርሷል ተብሎ ተወቅሷል፤ እርሱ ግን ትምህርቱ ከሚጠፋ ቢገለጥ ይሻላል ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማንም ሰው መጽሐፍ ገዝቶ ያለ ማኅበርና ያለ አለቃ ሥርዓቱን ሊሠራ ይችላል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጄራልድ ጋርድነር የተነሣው ዊካ የተባለው ሃይማኖትም ከዚሁ ብዙ ወስዷል።

ከመጀመሪያው ማኅበር በቀጥታ የወረደው የመጨረሻው ትልቅ ቤተ መቅደስ የነበረው በእንግሊዝ አይደለም። የስቴላ ማቱቲና መሪ የነበረው ሐኪሙ ሮበርት ፌልኪን በኒው ዚላንድ በሃቭሎክ ኖርዝ ከተማ ያቋቋመው ዋሬ ራ የተባለው ቤት ነው። ከቤቱ ሥር ሰባት ግድግዳ ያለው ክፍል ተሠርቶለት ነበር፤ እስከ 1978 ድረስ አገልግሏል።