የተቦጨቀ ክንፍ፣ ያልታወቀ ሞት

የጨው ውሃ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ሁሉ ውሎ አድሮ የሚገጥማቸው ነገር አለ። ማታ ምግብ ሲሻማ የታየ ዓሣ ጠዋት ከድንጋይ ሥር ሞቶ ይገኛል፤ ጭራው ተቦጫጭቋል፣ ሸርጣን ላዩ ላይ ተቀምጦ ይበላዋል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፤ ገዳዩ ሸርጣኑ ነው ይባላል።

ብዙ ጊዜ ግን ሸርጣኑ ተዝካር በላተኛ እንጂ ገዳይ አይደለም። በገንዳው የሚኖሩት ሸርጣኖች፣ ቀንድ አውጣዎችና ፀጉራም ትሎች የሞተውንና ለመሞት የተቃረበውን ይለቅማሉ፤ የሚጀምሩትም ከስሱ አካል፣ ከክንፉ፣ ከዓይኑና ከሆዱ ነው። ስለዚህ ሬሳ ላይ የታየ የክንፍ ጉዳት ስለ ሞቱ የሚነግረን እምብዛም ነው። የሚጠቅመው ጥያቄ ዓሣው በሕይወት ሳለ ክንፉ ምን ይመስል ነበር የሚለው ነው።

በሕይወት ያለ ዓሣ ክንፍ ብዙ ይናገራል። አንድ ቦታ ላይ ተገምጦ ከጎደለ፣ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነና ጉዳቱ በአንድ ዓሣ ላይ ብቻ ከታየ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጠብ ነው። ዳምሰል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች ግዛታቸውን ለማስከበር የሚበልጣቸውን ሳይቀር ያሳድዳሉ። ሰርጀንፊሽ ደግሞ ከጭራው ሥር በግራና በቀኝ የሰላ ስለት አለው፤ ከዚህ ወገን የሆነውና በቀይ ባሕር የሚኖረው ሶሃል በተለይ አዲስ መጪን አይወድም። ጠበኛውን ለመለየት ከገንዳው ራቅ ብሎ ማየት ይሻላል፤ ሰው ሲጠጋ ዓሦቹ ምግብ መጣ ብለው ጠባቸውን ይተዋሉና። የክንፉ ሥር ካልተነካ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ በሳምንታት ጊዜ መልሶ ያድጋል።

ጠርዙ ነጥቶ ከቀን ወደ ቀን ወደ ሥሩ እየተበላ ከሄደ፣ ሥሩም ከቀላ፣ ባክቴሪያ እንደገባበት ይገመታል። በባሕር ዓሦች ዘንድ ከተለመዱት አንዱ ቪብሪዮ ነው። ባክቴሪያው ግን አብዛኛውን ጊዜ ንክሻ፣ የጉዞ እንግልት ወይም የተበላሸ ውሃ በከፈተለት ቀዳዳ ነው የሚገባው። የብዙ ዓሦች ክንፍ በአንድ ጊዜ መበላት ከጀመረ፣ ጠበኛ ማሳደዱን ትቶ ውሃውን መለካት ነው።

ምክንያቱ ያልታወቀ የሚባለው ሞት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከስንጥብ ይጀምራል። የባሕር ዓሣ ከገዛ አካሉ ይልቅ ጨዋማ በሆነ ውሃ ውስጥ ስለሚኖር ከሰውነቱ ያለማቋረጥ ውሃ ይወጣበታል። ያንን ለመተካት የባሕር ውሃ ይጠጣል፤ ትርፉን ጨው በአብዛኛው በስንጥቡ ያስወጣል። ስንጥቡ ሲጎዳ ትንፋሹም የጨው ሚዛኑም አብረው ይናጋሉ፤ ቆዳውና ክንፉ ግን ምንም ላያሳዩ ይችላሉ።

ስንጥብን ከሚያቃጥሉት ቀዳሚው አሞኒያ ነው። ከዓሦቹ ከራሳቸውና ከተረፈ ምግብ ይመነጫል፤ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። በአዲስ ገንዳ እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበቁ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። የባሕር ውሃ ፒኤች 8.2 አካባቢ በመሆኑ የአሞኒያው መርዛማ ድርሻ ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሲበሰብስ ያደረ ዓሣ ራሱ አሞኒያ ይለቃል፤ ጠዋት የተለካው ቁጥር የሞቱ ምክንያት ሳይሆን ውጤት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው የኦክስጅን እጥረት ነው። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጨው አልባ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ የባሕር ውሃ ከ7 በታች ነው የሚይዘው። ሌሊት አልጌውም ማምረቱን አቁሞ ከዚያው ይወስዳል። በዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ እስኪነጋ ብዙ ሊሞት ይችላል።

የውሃን ችግር ከበሽታ ለመለየት የሞተውን ብቻ ሳይሆን የተረፈውንም መቁጠር ይረዳል። ሽሪምፑ፣ ቀንድ አውጣውና ኮራሉ ከዓሦቹ ጋር አብረው ከተጎዱ ውሃው ይጠረጠራል፤ መዳብ ወይም ክፍሉ ውስጥ የተነፋ የነፍሳት መርዝ ገብቶበት ይሆናል። እነሱ ደህና ሆነው ዓሦች ብቻ ተከታትለው ከሞቱ ግን ነገሩ ወደ ጥገኛ ተሕዋስያን ያመለክታል።

ከነዚህ መካከል በፍጥነቱ የሚፈራው የቬልቬት በሽታ አምጪ፣ አሚሎኦዲኒየም ነው። የመጀመሪያው የሕዝብ አኳሪየም እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን መካነ አራዊት ተከፈተ፤ ይህን ተሕዋሲ ለሳይንስ ያስተዋወቀው የተመራማሪ ብራውን ጥናትም እ.ኤ.አ. በ1931 የወጣው መካነ አራዊቱን በሚያስተዳድረው ማኅበር መጽሔት ነበር። ተሕዋሲው ስንጥብ ላይ ተጣብቆ ይመገባል፤ ሲጠግብ ይወድቅና እስከ 256 ሆኖ ይከፋፈላል። ዓሣው ቆዳው ላይ ምንም ብናኝ ሳይታይ በጥቂት ቀናት ሊሞት ይችላል፤ በሽታውን የሚያሳብቀው አኳኋኑ ነው። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ፊቱን ወደ ፓምፑ ፍሰት አዙሮ ይቆማል፣ ምግብ ይተዋል። ክሪፕቶካሪዮን የሚያመጣው ነጭ ነጥብ ደግሞ በሌላ መንገድ ያታልላል። ነጥቦቹ ከቀናት በኋላ ሲረግፉ ዓሣው የዳነ ይመስላል፤ ተሕዋሲው ግን ገንዳው ወለል ላይ ተባዝቶ ይመለሳል።

ሬሳውን ለመመርመር የሚያስብ ሰው መቸኮል አለበት፤ ዓሣው ሲሞት ጥገኞቹ ጥለውት ይሄዳሉ። ከገንዳው ውሃ ጋር በትንሽ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከስንጥቡ ጥቂት ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ይቻላል። ማቀዝቀዝ እንጂ በረዶ ማድረግ አይመከርም፤ በረዶ ሥጋውን ያፈራርሰዋል።

ቬልቬትንም ነጭ ነጥብንም ለማከም የሚያገለግለው መዳብ ሽሪምፕንና ኮራልን ይገድላል። ስለዚህ ሕክምናው የሚሰጠው በለይቶ ማቆያ ገንዳ ነው። አዲስ ዓሣን ሁሉ ቢያንስ 4 ሳምንት እዚያ ማቆየት በሽታን ከመከላከል ሌላ ምርመራውንም ያቀልላል። ጠበኛ ጎረቤት በሌለበት ክንፉ ከተበላ ንክሻ ነው አይባልም፤ ዓለት በሌለበት የትንፋሹ ፍጥነት አይደበቅም። ዓሣው እዚያ ቢሞት እንኳ ምክንያቱን የምንፈልግባቸው ቦታዎች ጥቂት ይሆናሉ።