«አኮ፣ የትኛውን እንግዛ?»

ከሁለት ወር በፊት ነው። እሑድ ከገበያ መልስ የልጄ ልጅ እያለከለከ ገባ። የሰንበቴን የእሑድ ገበያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አፋሩ ግመሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፤ አርጎባው፣ ኦሮሞውና አማራው ከየአቅጣጫው ይገናኝበታል። የብር ጌጥ ከሚሸጡት አንዱ ለልጁ ማርትሬዛ አሳይቶት፣ «አንድ ገበሬ ሲያርስ በገንቦ ሙሉ ያገኘው ነው» ብሎታል። እውነት ይሁን የነጋዴ ወሬ አላህ ይወቀው። ልጁ ግን ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነውና አመነ።

በዚያው ሳምንት ጅዳ የሚኖረው ልጄ በኢሞ ሲደውል ልጁ ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ። ፈረንጆች በዲቴክተር የድሮ ገንዘብ ከመሬት ሲያወጡ በቪዲዮ ማየቱን ተረከለት። ልጄ ለእህቱ ልጅ እምቢ ማለት አያውቅም፤ «ለአረፋ ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ፤ ብቻ የትኛውን እንደሆነ ንገረኝ» አለው። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ወደቀ። «አኮ፣ የትኛውን እንግዛ?» አለኝ። አኮ በኦሮምኛችን አያት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በነርስነት ስለሠራሁ፣ የደም ግፊት መለኪያ የሚያውቅ ሰው ድምፅ የሚያወጣውን መሣሪያ ሁሉ የሚያውቅ ይመስላቸዋል።

ጡረተኛ ጊዜ አያጣም። አነበብኩ፣ ጠየቅሁ፣ በደብተር ጻፍኩ። ቤታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ጥያቄ ያነሳ ልጅ ካለ ይጠቅማችኋል ብዬ ለእናንተም አካፍላለሁ።

በመጀመሪያ የገረመኝ ነገር፣ መሣሪያው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ሀብት ሳይሆን በሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ ጥይት መፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመቱ። ጥይቱ የት እንደተቀመጠ ባለመታወቁ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት የሚያሰማ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። መሣሪያው ይሠራ ነበር። ነገር ግን ፕሬዚዳንቱ የተኙበት ፍራሽ የብረት ሽቦ ነበረው፤ ዋናው ሐኪም ደግሞ ጥይቱ በቀኝ በኩል ነው ብለው ስላመኑ በዚያ በኩል ብቻ እንዲፈለግ አደረጉ። ጥይቱ በግራ ነበር። ሰውየው በመጨረሻ የሞቱት ባልታጠበ እጅ ቁስላቸው ሲነካካ በገባ ኢንፌክሽን ነው ብለው ብዙዎች ይጽፋሉ። እኔ ነርስ ነኝና ይህን ሳነብ እጄን ልታጠብ ነበር የተነሳሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከዘንጉ በታች ባለው ክብ ሳህን ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ሽቦው ማግኔታዊ ኃይል ወደ አፈሩ ይልካል፤ አፈሩ ውስጥ ብረት፣ መዳብ ወይም ብር ካለ ደካማ ምላሽ ይመልሳል፤ መሣሪያው ያንን ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ምላሹ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ስለሚለያይ ሚስማሩ በወፍራም፣ ብሩ በቀጭን ድምፅ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል። ልክ የልብ ማዳመጫ ማለት ነው፤ ጤነኛውን ምት በደንብ ያላዳመጠ ተማሪ የታመመውን አይለይም።

ለጀማሪ የሚሆኑት ስማቸው የታወቀ ናቸው። የአሜሪካው ጋሬት፣ የአውስትራሊያው ማይንላብ፣ የቱርኩ ኖክታ አሉ። ዋጋቸው ባብዛኛው ከ200 እስከ 350 ዶላር ሲሆን በጅዳ ገንዘብ ከ750 እስከ 1,300 ሪያል ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው የልጅ መጫወቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ለጀማሪ ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል።

እኔ ለልጄ ስጽፍለት በዋናነት ያተኮርኩት አፈሩ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሜዳው ዋልካ፣ ገደሉና ኮረብታው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ብረት ስላለ ተራ መሣሪያ ምንም በሌለበት ይጮሃል። ስለዚህ መሣሪያው ራሱን ከመሬቱ ጋር የሚያመዛዝንበት ዘዴ ይኑረው። የጋሬት ኤይስ 300 ይህ ሚዛን ከፋብሪካ ተወስኖ የሚመጣና በእጅ የማይስተካከል ነው፤ በ8 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ በቀላል አፈር ጥሩ ነው ይሉታል። የኖክታ ሲምፕሌክስን ሚዛን ግን ተጠቃሚው ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ ያስተካክላል። የማይንላብ ቫንኩዊሽ በአንድ ጊዜ በብዙ ሞገድ ስለሚሠራ አስቸጋሪ አፈር ላይ ይሻላል።

ቀጥሎ ባትሪ። ሲምፕሌክስ ውስጡ ባለ ባትሪ ተሞልቶ ይሠራል፤ ጋሬት ግን በትንንሹ ባትሪ ድንጋይ። መብራት ሦስት ቀን ጠፍቶ በሚሰነብትበት ከተማ የትኛው እንደሚሻል ለእናንተ አልነግርም። ክብደታቸው 1.3 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው፤ ለወጣት ምንም አይደለም፤ የእኔን ትከሻ ግን ከሩብ ሰዓት በኋላ ያስነባል።

ልጁን ያሳዘነው ጥልቀቱ ነው። የጀማሪ መሣሪያ አንድ ማርትሬዛ የሚያህል ነገር የሚሰማው እስከ አንድ ስንዝር ገደማ፣ ቢበዛ ጥቂት አልፎ ነው። በሁለት ሜትር ጥልቀት የተቀበረ ሣጥን አገኛለሁ የሚል በቪዲዮ ተታሏል። ለጥቃቅን ወርቅ የሚሠሩት ደግሞ ሌሎች ናቸው፤ ዋጋቸውም ለብቻው ነው። ሰንበቴም ሻኪሶ አይደለችም።

ከሁሉም የከፋው «ወርቅ በኪሎ ሜትር ርቀት ያሳያል» እየተባለ የሚሸጠው አንቴና ያለው እጀታ ነው። ይህ ውሸት ነው። አንድ እንግሊዛዊ 20 ዶላር የማይሞላ የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ መጫወቻን መነሻ አድርጎ የሠራውን ባዶ ዕቃ «ፈንጂ ፈላጊ» ብሎ ለኢራቅ በብዙ ሺህ ዶላር ሲሸጥ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የአሥር ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ሳዑዲ ያላችሁ ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የሲንገር ስፌት ማሽን ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» አለ ተብሎ ሕዝቡ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ።

ደብተሬ እዚህ ድረስ ሲደርስ ልጁ ደስ ብሎት ነበር። «እሺ፣ መጀመሪያ የት ነው የምትፈትሸው?» አልኩት።

«ከመንገዱ በታች፣ ጦር ሠፍሮበት በነበረው ሜዳ ላይ» አለኝ። «ብዙ ብረት አለ ይላሉ።»

ዝም አልኩ። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚህ መንገድ አልፏል። እኔ ያኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር፤ ጓንት ማጥለቁ ግን አልቀረልኝም። ሁሉም ነገር ጸጥ ካለ ከወራት በኋላ አንድ እረኛ ልጅ ደጃፌ ድረስ ተሸክመው አመጡልኝ። የሚያብለጨልጭ ነገር አግኝቶ በድንጋይ ሲቀጠቅጠው ፈንድቶበታል። የግራ እጁ ሦስት ጣቶች አልነበሩም። ክንዱን ከቁስሉ በላይ ጠፍሬ፣ እጁን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ላክሁት። አላለቀሰም። ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ፍየሎቹን ማን እንደሚመልሳቸው ነበር።

ዲቴክተር ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልጁን እየመራ የሚያብለጨልጨው ነገር ላይ ያቆመዋል። የጥይት ቀለህ ከመዳብ ቅይጥ ስለሚሠራ የሚያሰማው ድምፅ ከሳንቲም ብዙ አይለይም። ከዚያ ልጁ ዶማ ያነሳል። ዝምታውም ቢሆን አያስተማምንም፤ አካላቸው ፕላስቲክ ሆኖ ብረታቸው በጣም ጥቂት የሆነ ፈንጂዎች አሉ፤ የመዝናኛ መሣሪያ እነሱን ላይሰማ ይችላል። ፈንጂ የሚያጸዱ ሰዎች የሚይዙት መሣሪያም፣ ሥልጠናውም ሌላ ነው። እንግዳ ብረት የታየበት ቦታ ካለ አለመንካት፣ በመጡበት ዱካ መመለስ፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ መናገር ነው። ይህን ለልጁ ስነግረው የእረኛውን ልጅ ታሪክ ጨመርኩለት። እስከዚያ ቀን አልነገርኩትም ነበር።

«እሺ፣ ታዲያ ተራራው ላይ የድሮ ከተማ ፍርስራሽ አለ ይባል የለ?» አለኝ ትንሽ ቆይቶ። ልክ ነው። ከእኛ በስተ ደቡብ፣ በሸዋ ሮቢት በላይ ባለው ተዳፋት፣ እንደ ኖራ ያሉ የጥንት ሙስሊም ከተሞች ፍርስራሾች በተመራማሪዎች ተጠንተዋል፤ የኢፋት ሱልጣኖች አገር ነው። ያ ግን የቅርስ ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግም መቆፈርም አይቻልም። ሲያርስ ወይም መሠረት ሲቆፍር በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰውም ወዲያው ማሳወቅና እስኪረከቡት ድረስ ጠብቆ ማቆየት አለበት። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለዚህ ቅርብ ነው። መቃብር አጠገብማ ሕግም አያስፈልገው፤ ነውር ነው።

ስለ ማርትሬዛው ደግሞ የሚያውቀው ስላልመሰለኝ ነገርኩት። በሁሉም ላይ የተጻፈው 1780 ነው፤ ግን በዚያ ዓመት ቁጥር ከዚያ በኋላም ለዘመናት ሲመታ ኖሯል፤ ጣሊያንም ለወረራው ስትዘጋጅ ሮም ላይ አስመትታዋለች። ክብደቱ 28 ግራም፣ ከሺህ እጅ 833 እጁ ንጹሕ ብር ነው። አያቴ ከብት የሸጡበት፣ እናቴ አንገቷ ላይ ያሰረችው ነው። ዋጋ አለው፤ ቤት የሚያሠራ ግን አይደለም።

ለልጄ በመጨረሻ የጻፍኩለት ይህን ነው፦ ሲምፕሌክስ ወይም ቫንኩዊሽ፤ ከታወቀ ሱቅ፣ ዋስትናው ከነወረቀቱ፤ የጆሮ ማዳመጫና ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ጠቋሚ ይኑረው፤ ከመግዛትህ በፊት ወደ አገር ማስገባቱን ጉምሩክ ጠይቅ። የሚሠራበት ቦታ በእኛው ጓሮና ቤት ሲሠራ ተቆፍሮ በተለቀመ ግቢ ብቻ ነው፤ የጎረቤት ቀለበት ቢጠፋም ይፈልግ። ልጁ ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱን ካላሟላ ዶማ አይነካም። ጀርሙ የሚኖረው ሰው እንደሚያስበው ዝገት ውስጥ ሳይሆን አፈር ውስጥ ነው። ልጄ በድምፅ መልሶልኛል፤ «እማዬ፣ ከዕቃው ያንቺ ትእዛዝ በለጠ» ብሎ ስቋል።

ልጁ ሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ቀን ልምድ ያላቸው ሰዎች መለማመጃ መደብ እንደሚያዘጋጁ አንብቤ ነገርኩትና ፊቱ በራ። በጓሮው ጥግ ሚስማር፣ የለስላሳ ቆርኪና የጣሳ ክዳን በተለያየ ጥልቀት ቀበረ፤ በየላዩም እንጨት ተከለ። አንድ እውነተኛ ብር ያስፈልገኛል ብሎ ስለለመነኝ የእናቴን ማርትሬዛ ከአንገት ጌጡ ፈትቼ ሰጠሁት። ስንዝር ሙሉ አወረደው።

ዛሬ ጠዋት ስወጣ ዶሮዎቹ ጓሮውን ጭረው እንጨቶቹን ሁሉ ነቃቅለው ጥለዋቸዋል። አረፋ እስኪደርስ እየጠበቅን ነው።