የዝናቡ መዝገብ በማን መሳቢያ ነው ያለው?

እኛ በምንኖርበት በኤደን፣ በኢንማ ከተማ፣ ዝናብ ብርቅ ነው። ሲመጣ ግን ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ በሚያዝያ 2020 ከተማይቱን ያጥለቀለቀውን ጎረቤቶቻችን እስከ ዛሬ ያነሱታል (በዚህ ጽሑፍ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። የጥናት ክበባችንን ወደዚህ ርዕስ የመራው ግን ጎርፉ ሳይሆን ኮሌራ ነው።

በየመን በ2017 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች በኮሌራ ተጠርጥረው ተመዝግበዋል። በ2018 የብሪታንያ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት የዝናብ ትንበያውን፣ ናሳ የሳተላይት መረጃውን፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ስሌታቸውን አዋጡ። በሽታው የት ሊበረታ እንደሚችል እስከ አራት ሳምንት ቀድሞ ለዩኒሴፍ ሠራተኞች ይነገር ጀመር፤ ዓላማው ክሎሪኑና ሳሙናው ከዝናቡ እንዲቀድሙ ነው። በዚያ ዓመት የበሽተኛው ቁጥር መቀነስ የስሌቱ ብቻ ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ ክትባቱም በግንቦት 2018 በዚሁ በኤደን ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ነገሩ ልብ የሚባል ነው። ዝናቡ ቀድሞም ይለካ ነበር፣ በሽተኛውም ይቆጠር ነበር፤ የጎደለው ለኪውና ቆጣሪው ባንድ ገበታ መቀመጣቸው ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የመሣሪያ ብቻ ሳይሆን የአሠራር ባህል ጥያቄ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የሕክምና ተማሪ የሆነ ሁሉ የ1958ቱን የወባ ወረርሽኝ ማወቅ ይገባዋል። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ባላቸው ቦታዎች፣ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ተገምቷል። ዝናቡ ከወትሮው የበዛ፣ አየሩም የሞቀና የረጠበ ዓመት ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወባ ተውሳክ በትንኟ ሰውነት ውስጥ ለማደግ ሙቀት ይፈልጋል፤ ፋልሲፓረም የተባለው ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች እድገቱን ለመጨረስ ይቸገራል። የከፍተኛው አገር ሰው ጠባቂ እንግዲህ ብርዱ ነው። ብርዱ ላልቶ ውሃ ሲያቁር፣ በሽታው ያልለመደው ሰውነት ላይ ይወድቃል። ከዝናቡ እስከ ወረርሽኙ ግን ሳምንታት አሉ፤ መድኃኒት ለማድረስ የሚበቁ ሳምንታት።

ታዲያ ዝናቡን በወቅቱ ማን ያውቀዋል? የዝናብ መለኪያ ጣቢያዎቻችን በአብዛኛው የመኪና መንገድና ከተማ የተከተሉ ናቸው፤ ገጠሩና ቆላው በካርታው ላይ ባዶ ነው። ሳተላይት ደግሞ ሁሉንም ያያል፤ የሚያየው ግን የደመናውን ጫፍ ቅዝቃዜ እንጂ መሬት የነካውን ጠብታ አይደለም። ስለዚህ ይገምታል፤ ይሳሳታልም። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት የአገራችን ልጅ ዶክተር ቱፋ ድንቁና ባልደረቦቻቸው፣ ከብሔራዊ ሚቲዎሮሎጂ ኤጀንሲ ባለሙያዎች ጋር (መሥሪያ ቤቱ ከ2022 ወዲህ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል) ሁለቱን አዋሐዷቸው። ጣቢያው ሳተላይቱን ያርመዋል፤ ሳተላይቱ የጣቢያውን ባዶ ቦታ ይሞላል። ከዚህም የሦስት አሥርት ዓመታት የዝናብ ታሪክ፣ በየአሥር ቀኑ እየተቆጠረ፣ ጣቢያ ለሌላቸው ቦታዎች ጭምር ተገኘ። ኢናክትስ የተባለው ይህ አሠራር ኋላ ወደ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳ፣ ማዳጋስካርና ሌሎችም አገሮች ተሻግሯል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ብዙዎች «መረጃ ይከፈት» ሲባል «የአገር ሀብት ሊዘረፍ ነው» ይላሉ። ስጋቱን ማናናቅ ስሕተት ነው። የውጭ ተመራማሪ መጥቶ ቁጥሩን ጭኖ የሄደበት፣ በየማለዳው ዝናብ ሲለካ የኖረው ታዛቢም በጽሑፉ ላይ ስሙ ያልተነሣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የኢናክትስ መፍትሔ፣ በእኛ አስተያየት፣ ከስሌቱ ይበልጥ ብልህ ነው። የጣቢያዎቹ ጥሬ መረጃ ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም። ማዋሐዱን የሠሩት በሥራው የሠለጠኑ የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ናቸው፤ ለሁሉም የተከፈተው ከዚያ የተገኘው ካርታና ሰንጠረዥ ነው። መሳቢያው የባለቤቱ ሆኖ ቀረ፤ ፍሬው ግን ለጤና ባለሙያውም ለግብርና ባለሙያውም ደረሰ። ሙሉ መከፈት ነው አንልም፤ ተመራማሪ ሥራውን ለማጣራት ጥሬውንም ሊያይ ይገባዋል። ያም ሆኖ ከተቆለፈው ብዙ የራቀ ነው።

ግለ ሂስ ካስፈለገም እኛው አለን። ያለፉ ዓመታት የፈተና ጥያቄዎችን ከፍራሽ ሥር ደብቀን «የለኝም» የምንባባል ተማሪዎች ስለ ክፍት ሳይንስ ስንጽፍ ትንሽ ሊያሳፍረን ይገባል።

ከመካከላችን አንዱ ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ገብቶ፣ በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ የወባ በሽተኞችን ቁጥር ከዝናቡ ጋር ሊያስተያይ ፈለገ። መጀመሪያ ደብዳቤ አምጣ ተባለ። ደብዳቤው ሲመጣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ለስብሰባ ሄዶ ነበር። በአራተኛው ቀን መዝገቡ ተከፈተ፤ ቁጥሩ በሳምንት ሳይሆን በወር ተደምሮ አገኘው፤ ወረርሽኝን ቀድሞ ለማየት አይረዳም። ዝናቡን የሚለካው ታዛቢ ቤት ከጤና ጣቢያው ሁለት አጥር ያህል ይርቃል። ሰውየው ለብዙ ዓመታት በየማለዳው ሦስት ሰዓት ላይ ለክቶ ሲጽፍ ኖሯል። የጤና ጣቢያ ሰው ስለ ዝናቡ ጠይቆት ያውቅ እንደሆነ ጓደኛችን ጠየቀው። ታዛቢው ጥቂት አሰበና «አዎ፤ አንድ ጊዜ፣ የሠርግ ድንኳን ሊተክሉ ሲሉ» አለው።