ለሌለ ስም የሚከፈት ገጽ

ነቀምቴ ያለ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የፈተና ውጤቱን ሊያይ የድረ ገጽ አድራሻ ሲጽፍ አንዲት ፊደል ሳተ እንበል። ስልኩ ገጹን ከመክፈቱ በፊት ስሙን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ኮምፒውተር ይጠይቃል። ይህ አሠራር ዲኤንኤስ ይባላል፤ ፖል ሞካፔትሪስ በ1976 ዓ.ም. የነደፈው ነው። በዚያ ስም የተመዘገበ ነገር ከሌለ ትክክለኛው መልስ «የለም» ነው።

አንዳንድ የኢንተርኔት አቅራቢዎች ይህን መልስ ይለውጡታል። የራሳቸውን ኮምፒውተር ቁጥር ይልኩና ተጠቃሚውን ማስታወቂያ የሞላው ገጽ ላይ ያሳርፉታል። የሰው ቤት ሲጠየቅ «እዚህ ሰፈር የለም» ማለት ሲችል፣ እጅ ይዞ የዘመዱ ሱቅ የሚያስገባ መንገድ ጠቋሚ ማለት ነው። የአሜሪካው ኮምካስት በ2001 ዓ.ም. ጀምሮት፣ መልሶችን በፊርማ የሚያረጋግጠውን ዲኤንኤስሴክ ሥራ ላይ ሲያውል በ2004 ተወው። የተፈረመ መልስ መሃል ላይ ከተነካካ ይታወቃላ!

ከሁሉ የባሰው ግን የቬሪሳይን ነው። የ«ኮም» እና የ«ኔት» ስሞችን መዝገብ የሚይዘው ይህ ኩባንያ መስከረም 4 ቀን 1996 ዓ.ም. ላልተመዘገበ ስም ሁሉ 64.94.110.11 የሚል መልስ መስጠት ጀመረ። ማስታወቂያው ቀላሉ ጉዳት ነበር። የላኪው ስም መኖር አለመኖሩን እያዩ አይፈለጌ ኢሜይል የሚያጣሩ ፕሮግራሞች ድንገት ሁሉም ስም ያለ መሰላቸው። የስም አስተዳዳሪው ድርጅት አይካን አስገደደውና ሦስት ሳምንት ሳይሞላ መስከረም 23 ቆመ።

ለወለጋ ሰው ነገሩ ከማስታወቂያ ያልፋል። በ2012 ዓ.ም. በጊምቢና በደምቢ ዶሎ ስልክም ኢንተርኔትም፣ በነቀምቴ ደግሞ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መጋቢት መጨረሻ አካባቢ ተለቋል። እንዲህ ባለበት አገር፣ ገጽ አልከፍት ሲል የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ወይስ መስመሩ ነው የጠፋው ብሎ መለየት ትርፍ ነገር አይደለም። የውሸት ገጽ ይህን ያደናግራል፤ ስሙን የሚፈትሹ ፕሮግራሞችንም ያሳስታል።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ትርጉም የሌለው ረጅም የፊደል ድርድር ጽፎ መጨረሻው ላይ «ነጥብ ኮም» መጨመር። ብሮውዘሩ «አልተገኘም» ካለ ደህና፤ የማያውቁት የፍለጋ ገጽ ከመጣ መልሱ ተለውጧል።

ማስቆሚያው ጠያቂውን ወደ ሌላ መላሽ ማዞር ነው። ኮምፒውተር ላይ የዲኤንኤስ ቁጥሩን የጉግል 8.8.8.8 ወይም የክላውድፍሌር 1.1.1.1 ማድረግ ይቻላል። አቅራቢው ያልተመሰጠረውን ጥያቄ መንገድ ላይ ጠልፎ ራሱ ሊመልስ ስለሚችል ግን ምስጠራ ይሻላል። አንድሮይድ 9 እና ከዚያ ወዲህ ያሉ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ «ፕራይቬት ዲኤንኤስ» አላቸው፤ እዚያ የመላሹ ቁጥር ሳይሆን ስሙ ነው የሚጻፈው። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ጭራሽ እምቢ ካለ መስመሩ የተመሰጠረውን ጥያቄ ዘግቶት ሊሆን ይችላልና ወደ «አውቶማቲክ» መመለስ ነው። ኢንተርኔት ቤት ያለው ሰው ራውተሩ ላይ አንዴ ቢቀይረው ቁጥራቸውን ከራውተሩ ለሚወስዱት ማሽኖች ሁሉ ይበቃል።